ከመዝገቡ የጎደለው ሳቅ

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ መጽሐፌን ከፍቼ ተቀምጬ ሳለ፣ ከፊቴ ያሉ ሽበታም ሰው ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። በሦስተኛው «የቁስቋሟ ጸሐፊ ነዎት አይደል?» አሉኝ። በዚህ ስም ከተጠራሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። መነጽሬን ገፋ አድርጌ ባያቸው ዳኛ አምሳሉ ናቸው። ያኔ ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ፣ ከትምህርት ቤት እንደወጡ ወረዳ ፍርድ ቤት የተሾሙ ወጣት ነበሩ፤ አሁን ከዘራ ይዘዋል። «አያ መኳንንትስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አርፈዋል አልኳቸው። «ነፍስ ይማር። ዳኝነቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ደመወዙን ግን የበላሁት እኔ ነኝ» አሉና ፈገግ አሉ። ረዳቱ «ሒሳብ! ሒሳብ!» እያለ ሲጮህብን ጨዋታችን ተቋረጠ፤ አየር ማረፊያው መታጠፊያ ላይ ወረዱ። እኔ ሐሳብ ይዞኝ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ተገኘሁ። በእግሬ ስመለስ ፀሐዩ አናቴን ሲመታኝ አልታወቀኝም፤ ልቤ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረው የቀበሌ አዳራሽ ተመልሶ ነበር።

በየቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚባል የነበረበት ዘመን ነው። ልጆቼ ዛሬ ብነግራቸው የዕድር ስብሰባ ይመስላቸዋል። ሦስት ዳኞች ከሰፈሩ ሰው ይመረጣሉ፤ ሕግ አልተማሩም፣ ደመወዝም የላቸውም። አጥር የገፋ፣ የሰው አዝመራ በበጉ ያስበላ፣ ጎረቤቱን የሰደበ ሁሉ እነሱ ዘንድ ይቀርባል። በእነሱ ፍርድ ያልረካ ይግባኝ ብሎ ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ዳኞች የተማሩ፣ ካባ የሚለብሱ፣ ወር ሲደርስ ደመወዝ የሚፈርሙ ናቸው። የእኛዎቹ ግን ካባቸው ጋቢ ነው። ሰብሳቢያችን አያ መኳንንት ከቁስቋም በላይ ባለው ተረተር የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ችሎት የምንቀመጠው ሞፈር በማይነካባቸው ቀኖች ነው፤ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም። ቀጠሮ ስንሰጥ «ለሚካኤል» እንላለን እንጂ ቀን አንቆጥርም። አያ መኳንንት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲያበቁ፣ በካኪ ኮታቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በረባሷቸውን እያስጮኹ ይመጣሉ። አዳራሹ የማዳበሪያ ጆንያ ይሸታል። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለነበረ ችሎት ሲጀመር የመጀመሪያው ሥራ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ማስገባት ነው።

እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ ነው፤ ከዚያም በማታ ትምህርት፣ በልጆቼ ዕድሜ ካሉት ጋር ወንበር እየተጋራሁ፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ደረስኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንዴት እንደሚወድ የሚያውቀው ያው ዘግይቶ የተማረ ነው። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ሉክ በአሥር ሳንቲም፣ ከፒያሳው ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ካለችው ሱቅ። እኔ በማስመሪያ ጠርዙን አሰምራለሁ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ ስርዝ ድልዝ ካለው እንደገና እገለብጣለሁ። ችሎት ሲያልቅ ስሙኒ ቆጥሬ ሻይ እጠጣለሁ፤ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ያለው ካሴት ቤት አንዱን ዘፈን ከጠዋት ጀምሮ እየደጋገመ ስለሚያስጮኸው፣ ዛሬም ቢሆን የትኛው ጉዳይ በየትኛው ዘፈን ጊዜ እንደታየ አውቃለሁ። አሁን የማወራው ጉዳይ ዘፈን አንዲት ሴት በማሲንቆ ታጅባ የምታለቅስበት ነበር። በቁስቋም መውጫ ያለው ልብስ ሰፊ በእግሩ የስፌት መኪናውን እየመታ አብሮ ያንጎራጉረዋል። ያን ዓመት ሴቱ ሁሉ ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ ይይዝ ነበር፤ ገንዘብ ያነሰው ኮንጎ ጫማ፣ የተረፈው ከአሥመራ የመጣ ቆዳ ጫማ ያደርጋል። እኔ ባለ ኮንጎ ነበርኩ።

ጉዳዩ የወይዘሮ የሺ ነው። የሺ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆቿን በጌሾ የምታሳድግ ሴት ነበረች። ከቤቷ ጀርባ የጌሾ ጓሮ አላት፤ ቅጠሉን ትለቅማለች፣ ታደርቃለች፣ ለጠላ ጠማቂዎች ትሸጣለች። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። አንድ ቀን የባሏ ወንድም ሞላ በቤቷና በጓሮው መካከል ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አቆመ። «ጓሮው የእኔ ድርሻ ነው፤ ሑመራ ለሥራ በሄድኩበት ተደብቃ ገባችበት፤ ስመለስ መልሼ ያዝኩት» አለ። የሺም ሁከት ይወገድልኝ ብላ ወደ እኛ ችሎት መጣች። ሞላ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሰፈሩ የሚወደው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ልቅሶ ቤት ሳይቀር በሦስተኛው ቀን ሰው የሚያስቅ። ግን ድንጋይ ደርድሯል፣ ካቡም ከሳቁ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ቆመ።

ጎረቤቱ ሁሉ የሞላ ዘመድ ስለሆነ ለየሺ የቆመላት አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ አጥር የሚጋሯት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና እንዲህ አሉ፦ «እኔ በአጥሬ ቀዳዳ ነው የማየው። ማየት ኃጢአት ከሆነ እሱን ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ። ሞላ ሑመራ ሳይሄድ በፊትም የሺ ጌሾ ትለቅም ነበር። እሱ ያ የወደቀ የወይራ ግንድ ላይ ይቀመጥና ያወራላታል። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም መነኩሲት ሆኜ መሳቅ አይገባኝም ብዬ አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሥራ ላይ ነኝ። ጎንበስ ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ምስክሯ፣ ከሳሽ በጓሮው ውስጥ ጌሾ ስትለቅም ማየታቸውን አስረድተዋል።» አንድ መስመር፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ሳነበው ደስ አለኝ።

አያ መኳንንት ፊደል አይለዩም፤ አሻራቸውን ከማድረጋቸው በፊት ሁሉንም አነብላቸዋለሁ። አንብቤ ስጨርስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ።

«ሳቁስ?» አሉ።

«የምን ሳቅ፣ አያ?»

«ሞላ ሲያወራ፣ የሺ ስትስቅ። እማሆይ ያሉት።»

«አያ፣ ሳቅ መዝገብ ላይ አይጻፍም።»

«ማን ነው ያለ?»

«ሥርዓቱ ነዋ» አልኳቸው። እንዲህ የሚል ሥርዓት የትም አላነበብኩም። ሥርዓት ያልኩት የራሴን ንጹሕ ወረቀት መውደድ ነበር። አያ መኳንንት ትንሽ አመነቱ። ከዚያ «እሺ፤ ፊደሉን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው ተጫኑ። ሌሎቹ ሁለት ዳኞችም ተከተሉ። ፍርዱ ለየሺ ሆነ፤ ሦስቱም የሰሙትን ሰምተዋልና። ሞላ ግን በዚያው ሳምንት ይግባኝ አለ፤ ካቡም እንደቆመ ቀረ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ በፍልሰታ አረፉ።

ከመስቀል በኋላ የሺ ወደ ቤቴ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ጌሾው ሳይለቀም እየረገፈ መሆኑን፣ ትልቋ ልጇ ከትምህርት ቤት ቀርታ ሰው ቤት መግባቷን እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ከዚያ እኔን ዐይን ዐይኔን እያየች «የወረዳው ዳኛ ‹ከመዝገቡ አይታይም› አለኝ። ለሚመጣው ማክሰኞ ለፍርድ ቀጥሮኛል። አንቺ የጻፍሽው ነውና እስቲ ንገሪኝ፤ ምኑ ነው የማይታየው?» አለችኝ። የማይታየው ያኔ ገባኝ፤ ሞላ አጠገቧ ተቀምጦ እያየ፣ እያጫወታት ጌሾ ከለቀመች ተደብቃ አልገባችም ማለት ነው። ነገሩ በሙሉ ያረፈው በዚያ ሳቅ ላይ ነበር። ሳቁን ደግሞ እኔ አስቀርቼዋለሁ፤ የመሰከሩት ሴትም አፈር ገብተዋል።

በማግሥቱ ዳገቱን ወጣሁ። አያ መኳንንት የጤፍ ማሳቸውን እያረሙ ነበር። ስደርስ እንባዬ መጣ።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሳቁን አልጻፍኩትም፣ አያ።»

«አውቃለሁ። እኔም ነበርኩ እኮ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የኔስ? በጆሮዬ የሰማሁትን ትቼ ባልሰማሁት ላይ ጣቴን ያሳረፍኩ?» እጃቸውን በሣሩ ጠረጉ። «በይ እንባሽን ጥረጊ፤ ጤፉ ውኃ አልጎደለውም። ማክሰኞ አብረን እንወርዳለን።»

«የሥራ ማመልከቻዬ እዚያው ፍርድ ቤት ነው ያለ» አልኩ፤ ለገልባጭነት አመልክቼ መልስ እየጠበቅኩ ነበር። እንዲህ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። አያ መኳንንት ግን አልተቆጡኝም። «እንግዲያስ የእጅ ጽሑፍሽን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ይዩሽ» አሉኝ።

ማክሰኞ የሥራ ቀን ነው። አያ መኳንንት አረማቸውን ጥለው፣ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ። ደመወዝተኛ ቢሆኑ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር፤ እሳቸው ግን ከማን ይጠይቃሉ? በፒያሳ ስናልፍ ያው ዘፈን፣ ያው የማሲንቆ ለቅሶ። ችሎቱ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ አግዳሚ ወንበር በረድፍ የተደረደረበት ክፍል ነው። ዳኛ አምሳሉ ካባቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶ ተቀምጠዋል። መዝገቡ ሲጠራ ተነሥቼ እጄን አወጣሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መዝገቡን የጻፍኩ እኔ ነኝ። የጎደለ ነገር አለው።»

«ምን ጎደለው?»

«ሳቅ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛው በእስክሪብቷቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። እማሆይ ያሉትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መያዛቸውን ሳይቀር ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምነው ሳይጽፉት ቀሩ?»

«መዝገቡ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው።»

ወረቀቴን አንሥተው ብዙ አዩት። «ንጹሕስ ንጹሕ ነው» አሉ። ምስጋና አልነበረም።

ሞላ ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሞተ ሰው ምስክር ሊያቆሙብኝ ነው! እኔ እዚያ ጓሮ እግሬ ረግጦ አያውቅም። ግንድም አላውቅ፣ ወሬም አላወራሁ።»

አያ መኳንንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ዳኛው ቀድመው «አባቴ፣ እርስዎ በነገሩ ፈርደውበታል፤ አሁን ምስክር ሊሆኑበት አይችሉም» አሏቸው።

«ልመሰክር አልመጣሁም ጌታው። አንድ ነገር ብቻ ልለምን።»

«ምን?»

«ያቺን ሴትዮ ምን እንዳሳቃት ይጠይቁልኝ።»

ያን ጊዜ ዳኛው እምቢ ቢሉ የሚከሳቸው አልነበረም። መዝገቡ በእጃቸው ነው፣ ሕጉን የሚያውቁት እሳቸው፣ ጊዜው የመንግሥት። ሌላ ዳኛ ቢሆን «ይቀመጡ» ብሎ ፍርዱን ያነብ ነበር። ዳኛ አምሳሉ ግን ሽማግሌውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወደ የሺ ዞረው «እሺ እናቴ፣ ምን ብሎ ነው ያሳቀዎት?» አሉ።

የሺ አፈረች። ነጠላዋን ጎተተች። «ኧረ እኔ ጨዋታ መያዝ አልችልም። ያ ሰውዬ ነው፣ የእንፍራንዙ። ጠላ አልጠጣም ብሎ የተሳለው። እና... ጠላ ቤት ሄደ። ዳቦ ይዞ ነበር።»

«እሺ?»

«ዳቦውን በላ። ከዚያ ጠጣ።»

ማንም አልሳቀ። ሞላን አየሁት። ወንበሩ እንደቆረቆረው ሰው ይገላበጣል፤ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ጣሪያውን ያያል።

«ጠጣ?» አለ በመጨረሻ። «ጠጣ አልሽ? ኧረ የሺ፣ ምነው! ጠጣ ካልሽ ምኑ ያስቃል? አልጠጣም ብሎ ተስሎ የለም እንዴ! ዳቦውን ጠላው ላይ ፈትፍቶ በማንኪያ ሲበላ፣ ቄሱ መጥተው ‹አንተ፣ ስለትህን አፈረስክ?› ቢሉት፣ ‹አባቴ፣ የጠጣሁ መሰለዎት? እየበላሁ እኮ ነው!› አላቸው እንጂ! ግንዱ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ነግሬሽ፣ አንቺ ጌሾሽን እየለቀምሽ መቼ ልብ ብለሽ ሰማሽኝ!»

ችሎቱ ፈነዳ። ሞላም ጨዋታው ስለያዘለት ፊቱ በርቶ፣ ግራ ቀኙን እያየ አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። «አይ...» አለና ተቀመጠ። ዳኛ አምሳሉ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ፋይሉ አቀርቅረዋል፤ ካባው ትከሻቸው ላይ ይርገበገባል። ቀና ሲሉ ዐይናቸውን ጠርገው እስክሪብቷቸውን አነሡ። የችሎቱን ቃል የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። ጽፈው ጽፈው ቆም አሉና ወደ እኔ፦

«ጸሐፊ፣ በማንኪያ ነው ያለው ወይስ በእጁ?»

«በማንኪያ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ዳቦውም ይግባ» አሉና ጻፉ።

ይግባኙ ተሰረዘ፤ ካቡ እንዲፈርስ ታዘዘ። ስንወጣ ዳኛው ካባቸውን አውልቀው እስከ ውጭው በር ሸኙን፤ ሲያደርጉት አይቼ የማላውቀው ነው። «አያ፣ እንዲያ እንደሚሆን በምን አወቁ?» ሲሏቸው ሰማሁ። አያ መኳንንት «እኔ ምኑን አውቄ፤ ሞላን ነው የማውቀው። አባቱም እንዲሁ ነበር፣ የሰው ጨዋታ ሲበላሽ እንቅልፍ የማይወስደው» ብለው ወደ አረማቸው ዳገቱን ተያያዙት። እኔ ከወራት በኋላ በገልባጭነት ተቀጠርኩ። ማን ስለ እኔ ምን እንደተናገረ አልጠየቅኩም፣ አልተነገረኝምም። ኋላ የምስክር ቃል መጻፍም ተሰጠኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ምስክር ሳል ሲይዘው «ሳለ»፣ ሲያለቅስ «አለቀሰ» ብዬ ስለምጽፍ አለቆቼ ሳይቀሩ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶቹ የሉም ማለት ይቻላል፤ ቃሉን የሚይዘው ኮምፒውተር ነው፣ ወረቀቱም ከእኔ ወረቀት የበለጠ ንጹሕ ነው። ክፉ ነው አልልም። ግን አንድ ሳንቲም ሳይከፈለው ሥራውን ትቶ ስለ ጎረቤቱ የወረደን ሰው፣ ተከፍሎትም ያን ሰው ለመስማት ጆሮውን የሰጠን ወጣት፣ ሁለቱን ባንድ ቀን አይቻለሁ። እግዜር ይስጣቸው እላለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ።

ያን ሳምንት ቅዳሜ ወደ የሺ ቤት ሄድኩ። ሞላ ሸሚዙን አውልቆ የራሱን ካብ እያፈረሰ ነበር፤ ወዙ በጀርባው ይወርዳል። የሺ ቅርጫቷን ይዛ ማዶ ቆማለች።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ለምኑ?»

«የእማሆይን ቃል ስላሳጠርኩብሽ።»

የሺ እጆቼን አየቻቸው። «እጅሽ ለጽሑፍ ሸጋ ነው ይላሉ። እስቲ ድንጋይ ሲያነሣ ልየው» አለችኝ።

ኮንጎዬን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ሞላ ቦታ ለቀቀልኝና ላቡን እየጠረገ «ድካሙን እንድትረሱት ሌላ ልንገራችሁ፤ አንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ...» ብሎ ሲጀምር የሺ «መጀመሪያ ካቡን ጨርስ!» ብላ አቋረጠችው። ድንጋዩ ይከብድ ነበር፤ መዳፌ ተላጠ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍተቱ ቅርጫት የያዘች ሴት የሚያሳልፍ ሆነ። የሺ ጎንበስ ሳትል አልፋ ወደ ጌሾዋ ገባች።